ድሬዳዋ ተቀምጦ «ቦዋኒ ጀንክሽን»ን ማንበብ

እንግሊዛዊው ጆን ማስተርስ በ1954 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ቦዋኒ ጀንክሽን» ለድሬዳዋ ልጅ እንግዳ መጽሐፍ አይደለም። ጣቢያውን፣ ወርክሾፑን፣ የሠራተኛውን ሰፈር እናውቃቸዋለን። እኛም የተወለድነው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ደርሶ በቆረቆራት ከተማ ነው፤ ደቻቱ ከዚራን ከመጋላ ሲለይም እያየን አድገናል። እንዲህ ያለ አንባቢ ታሪኩን ከራሱ ሰፈር ጋር ሳያመዛዝን ሊያልፈው አይችልም።

ዘመኑ 1946 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንግሊዞች ህንድን ለቀው ሊወጡ ተቃርበዋል። የባቡር ነጂ ልጅ የሆነችው ቪክቶሪያ ጆንስ ከእንግሊዝና ከህንድ ደም ከተወለዱት፣ አንግሎ ኢንዲያን ከሚባሉት ወገን ናት። እነዚህ ሰዎች በባቡር፣ በቴሌግራፍና በጉምሩክ ሥራ ቅድሚያ ይሰጣቸው ስለ ነበር፣ ጌታው ሲሄድ እንጀራቸውም አብሮ የሚሄድ መሰላቸው። ብዙዎቹ አይተዋት የማያውቋትን እንግሊዝን «አገራችን» ይላሉ። ማስተርስ ይህን ጭንቀት ሲያሳይ ብርቱ ነው፤ ምስጋናችንንም አንነፍገውም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ቪክቶሪያ መንገድ ስትመርጥ ነው። ደራሲው ሦስት ወንዶች ያቀርብላታል፤ ክልሱን ፓትሪክ ቴይለርን፣ የሲክ ተወላጁን ራንጂትንና እንግሊዛዊውን ኮሎኔል ሳቬጅን። የወገን ጥያቄ የባል ጥያቄ ሆነ ማለት ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ ታሪኩን ቪክቶሪያ፣ ፓትሪክና ሳቬጅ በየተራ ሲተርኩ፣ የአገሩ ባለቤት ራንጂት ግን ተራ አልደረሰውም። በመጽሐፉ መጨረሻ ወደ ፓትሪክ ትመለሳለች። በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ አቫ ጋርድነር የሠራችበት ፊልም ግን ፓትሪክን ገድሎ ለኮሎኔሉ አስረከባት! እኛ ይህን ለተመልካች ሲባል የተደረገ ሽንገላ እንለዋለን።

ነፃ የወጣችው ህንድም ብትሆን በ1950 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ አንግሎ ኢንዲያንን የተረጎመችው በወንድ የዘር ሐረግ ነው፤ በምክር ቤት የሰጠቻቸው የሹመት ወንበርም እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ቆይቶ ቀርቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ዝርዝር ገደብ ቢኖረውም፣ በአባትም በእናትም ኢትዮጵያዊነትን ተቀብሏል። ፋሺስት ኢጣልያ ግን በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖረውን ዜጋዋን እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች፤ በግንቦት 1932 ዓ.ም. ደግሞ አባት ክልስ ልጁን እንዳይቀበልና ስሙን እንዳይሰጠው ከለከለች። አባት በሕግ ሲሸሽ ልጁን ያሳደገችው እናት ናት፤ ስንቱ ልጅ በእናቱ አባት ስም ተጠርቶ አደገ።

ይህ ሕግ ሲወጣ ከኢጣልያዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ የተወለደው ሉቺያኖ ቫሳሎ ገና ሕፃን ነበር። በኋላ ለከተማችን ኮተን ቡድን ተጫውቷል። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 ባሸነፍን ጊዜ አምበላችን እርሱ ነበር፤ ሁለት ለሁለት ያደረገውን ጎል እርሱ፣ ሦስተኛውን ወንድሙ ኢታሎ አገባ። የዚያን ቀን የአባታቸውን አገር የጠየቀ አጨብጫቢ ነበር ብለን አናምንም።

ይሁን እንጂ ራሳችንን አናመስግን። «ክልስ» የምንለው ቃል ከለሰ ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ የወፈረውን ወጥ ውኃ ጨምሮ ማቅጠን ማለት ነው። (ተማሪ ለፈተና ትምህርቱን ሲከልስ ግን ያወፍራል እንጂ አያቀጥንም።) በግሪክ፣ በአርመን፣ በየመን ዐረብ፣ በህንድና በፈረንሳይ ልጆች በተሞላች ከተማ ሕጉ ዜጋ ያለውን ሰው፣ አፋችን ሲያቀጥነው ሰምተናል። በጎል ቀን ወንድም፣ በጠብ ቀን ክልስ።

ስለዚህ ማስተርስን የምንወቅሰው ሩቅ ቆመን አይደለም። የቪክቶሪያ ታሪክ በከዚራና በመጋላ መካከል ቢጻፍ ኖሮ፣ የመጀመሪያው ተራኪ ኮሎኔል ሳይሆን ልጇን በአባቷ ስም ያስጠራችው እናት በሆነች ነበር። በማስተርስ መጽሐፍ ውስጥ ግን ይህ ተራ ለአንዲት እናት እንኳ አልተሰጠም።