ዓይን ሽቦው ላይ

«ዶክተር፣ ሁሉም ቫልቩን ሲያይ እርስዎ ለምን ታች ታቹን ያያሉ?» ስትል ጠየቀቻቸው ከአዲስ አበባ የመጣች ሰልጣኝ። ትውልደ ኢትዮጵያዊው የልብ ሐኪም የሚሠሩት ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው።

የሚያዩት ሽቦውን ነው። የጠበበ አኦርቲክ ቫልቭ ያለ ቀዶ ሕክምና ሲተካ፣ ሽቦው በብሽሽት ገብቶ፣ የጠበበውን ቫልቭ አልፎ፣ ጫፉ በግራ የልብ ክፍል ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። አዲሱ ቫልቭ በእሱ ላይ ተንሸራቶ ይደርሳል። ቫልቩን የሚያደርሰው ቱቦ (ካቴተሩ) ሲገፋ ሽቦውም ይገፋል፤ ጥቅልሉ ተፈቶ ጠንካራው ክፍል ጡንቻውን ከወጋ ልብ ይበሳል። ደም በልብና በሽፋኑ መካከል ይጠራቀማል፣ ልብ በደም መሞላት ያቅተዋል፣ ግፊት ይወድቃል።

ግፊት ሲወድቅ «መጀመሪያ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ ከዚያ መድኃኒት!» ይላሉ። መድኃኒቱ የግፊቱን ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ ከፍ አድርጎ ምክንያቱን ይሸፍናል ባይ ናቸው። ባልደረቦቻቸው ሁለቱንም ባንዴ ማስኬድ ይቻላል ብለው ይሞግቷቸዋል፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አይሉም። በልብ ዙሪያ ፈሳሽ ከታየ በመርፌ ይቀዳል። ካልታየ የልብ የራሱ ደም ቧንቧ ተዘግቶ ወይም ብሽሽት ውስጥ ደም እየፈሰሰ እንደሆነ ይፈተሻል።

ሌላም ክርክር አላቸው። አዲሱን ቫልቭ የሚከፍተው ፊኛ ሲነፋ ቫልቩ እንዳይንሸራተት ልብ በደቂቃ 180 እና ከዚያ በላይ እንዲመታ ይደረጋል። ለዚህ በቀኝ ልብ ሌላ ሽቦ ማስገባት የተለመደ ነበር፤ የቀኙ ግድግዳ ግን ስስ ነው። እሳቸው ኤሌክትሪኩን በግራው ሽቦ መላክ ይመርጣሉ። የልብ ምት መስመር ከቫልቩ ሥር ስለሚያልፍ ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ የዚህ መስመር የቀኝ ቅርንጫፍ ቀድሞውኑ ለተዘጋበት ሕመምተኛ፣ ምቱ ቢቋረጥ መጠባበቂያ እንዲሆን፣ የቀኙን ሽቦ አይተዉም።

ፈረንሳዊው የልብ ሐኪም አላን ክሪቢዬ እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረንሳይ፣ ሩዋን ውስጥ እንዲህ ያለውን የመጀመሪያ ቫልቭ ሲያስገቡ ታካሚው የ57 ዓመት ሰው ነበር፤ የእግሩ ደም ቧንቧዎች ስለታመሙ በደም መልስ ሥር ገብተው፣ የልቡን የውስጥ ግድግዳ በስተው ነው ያለፉት። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ይህን ታሪክ ደጋግመው ያነሳሉ።

እሳቸው ሕክምና ሲማሩ ያዩዋቸው ሕሙማን ግን ሌሎች ነበሩ። የቶንሲል ሕመም ካስከተለው የቁርጥማት ትኩሳት በኋላ ሚትራል ቫልቫቸው የጠበበ ወጣቶች። ይህ አዲስ ቫልቭ የተሠራው በዕድሜ ለደነደነ አኦርቲክ ቫልቭ ነውና ለእነሱ አይሆንም። ሰልጣኟ አገሯ ስትመለስ የምትሠራው ሚትራሉን በፊኛ መክፈት ይሆናል፤ እዚያም መርፌ የልብን የውስጥ ግድግዳ ይሻገራል፣ መንገዱን ከሳተም ደም በዚያው ሽፋን ውስጥ ይጠራቀማል። ሽቦና ኢኮ ላይ አጥብቀው የሚይዟትም ለዚህ ነው።