ጦሩን ማን ቀጠቀጠው?

በጊጊሪው ቪሌጅ ማርኬት ዓርብ ዓርብ የሚዘረጋው የማሳይ ገበያ ለጎብኚ ከሚያቀርባቸው ዕቃዎች መካከል ጦር ይገኛል። ጨሌውና ቀዩ ልብስ ፈጥነው ዓይን ይስባሉ፤ የከረመ ታሪክ ያለው ግን ጦሩ ነው። በማሳዮች ዘንድ ብረት የሚቀጠቅጡት ኢልኩኖኖ የሚባሉት ወገኖች ሲሆኑ ሌላው ማሳይ እንደ ርኩስ ያያቸው፣ በጋብቻም ይርቃቸው ነበር። አ. ሲ. ሆሊስ እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው መጽሐፍ እንደመዘገበው፣ ማሳይ ቀጥቃጭ የነካውን መሣሪያ ከመያዙ በፊት እጁን ቅባት ይቀባል። በጦሩ ከብቱን ከአንበሳ ያድናል፤ ጦሩን ከሠራለት ሰው ደግሞ ራሱን በቅባት ይጠብቃል። ይህ ወሬ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ስሙን ብቻ ለውጦ ጎንደር ወይም ጎጃም ላይ ቢነገረው ማንም ሳይጠራጠር ይቀበለዋል።

በምናብ ዓለም ብረት የያዘው ስፍራ የሚያስገርመው ብረት ተራ ማዕድን በመሆኑ ነው። ወርቅ በተረት ውስጥ ያጓጓል፣ ይሰረቃል፣ ወንድማማች ያጋድላል። ክፉ መንፈስ ሲመጣ ግን ሰው የሚያነሳው ማጭዱን ነው። እንግሊዞች የጫካ መናፍስት ቀዝቃዛ ብረትን ይፈራሉ ይላሉ፤ ሩድያርድ ኪፕሊንግም እ.ኤ.አ. በ1910 በወጣው የልጆች መጽሐፉ ይህን እምነት የአንድ ታሪክ ምሰሶ አድርጎታል። በእኛ ዘንድ አራስ ከደጅ ስትወጣ ቢላዋ ወይም ሌላ ስለት ትይዛለች፤ ብቻዋንም አትተውም። (ኪፕሊንግን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሌላ ችግር ይጠብቀዋል፤ አማርኛ ተናጋሪ «ብረት ያዘ» ሲባል ከመንፈስ በፊት ጠመንጃ ነው ትዝ የሚለው።)

የአራሷ ብረት በጽሑፍም ይገኛል። በየክታቡ ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዘልያን በጦር ሲወጋ ተሥሎ ይታያል። የሴቶች ክታብ ይህን ጸሎት የሚደጋግመው በወሊድና በሕፃን ሞት ፍርሃት ምክንያት ነው። በክታቦቹ ክርስቶስ የተቸነከረባቸው አምስቱ ቅንዋት እንኳ ስም አላቸው፤ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። ሊቃውንት እነዚህን ስሞች ከአንድ ጥንታዊ የላቲን የቃላት ሠንጠረዥ የመጡ መሆናቸውን ያስረዳሉ። ከሮም የተነሣ የቃላት ጨዋታ በግእዝ የብረት ሚስማር ስም ሆኖ አራስ ሲጠብቅ መኖሩ ለተርጓሚ ሁሉ የሚያስቀና ዕድል ነው።

እንግዲህ ጦሩ ቅዱስ ነው፣ ሚስማሩም ቅዱስ ነው። ቀጥቃጩስ? እዚያው ክታብ ላይ ይገኛል፤ ግን በሌላው ወገን። እንዲርቁ ከሚገዘቱት አጋንንት ጋር ቡዳና ጠቢብ አብረው ይጠራሉ። ያው ቃል ለሰሎሞን ሲሆን ማዕረግ ነው፣ ጠቢቡ ሰሎሞን። ለባለ መዶሻው ሲሆን ጠይብ ሆኖ ስድብ ይሆናል። ማረሻውንና ማጭዱን የሠራው ሰው ቀን ወናፍ ሲነፋ ውሎ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ተባለበት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው ማስታወሻው ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለው ጅብ ተገደለ የሚለውን ወሬ አስፍሯል።

ይህን እንደ ተራ አጉል እምነት ቆጥሮ ማለፍ ይቀላል፤ የሥሩ ነገር ግን ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው አፄ ይስሐቅ (እ.ኤ.አ. 1414–1429) ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይወርስ አዘዙ። ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤል ከሚተዳደሩባቸው ሙያዎች ዋነኞቹ የብረትና የሸክላ ሥራ ሆኑ። ሐጋር ሳላሞን እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱን የወሰደው ከዚህ የጅብ ስም ነው። መሬት ያጣው ሰው ባለ መሬቱ ያለ እርሱ ማረስ የማይችልበትን መሣሪያ በእጁ ያዘ። በዚህ ዓይን ሲታይ ቡዳነት ያልተከፈለ ውለታ የወለደው ፍርሃት ይመስላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ሊያስነሣ ይችል ነበር፤ ተረቱ ግን በምድጃ ዙሪያ ነበርና አልደረሰበትም።

ስለ አፍሪካ ምናባዊ ብረት ሲነሣ የዛሬው ወጣት ቀድሞ የሚያስታውሰው ዋካንዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የራያን ኩግለር «ብላክ ፓንተር» ኬንያ ውስጥ የተለየ አቀባበል ነበረው፤ የሉፒታ ንዮንጎ ቤተሰብ አገር በሆነችው ኪሱሙም ልዩ የመክፈቻ ዝግጅት ተደርጎለታል። ፊልሙ ያማረ ነው። ለአፍሪካዊ ልጅ የራሱን መልክ በክብር ማሳየቱም የሚናቅ አይደለም። ስለ ብረት ያለው ሐሳብ ግን ስስ ነው። ቫይብራኒየም ከሰማይ የወደቀ ነው፤ ድንጋይ ሰብሮ፣ ከሰል አክስሎ፣ ሌሊቱን ወናፍ እየነፋ ያቀለጠውን ሰው ተመልካቹ አያውቀውም። የማዕድን ቆፋሪዎች ጎሣ በምክር ቤቱ ወንበር አለው፤ ሥራው ግን ከሩቅ ታይቶ ያልፋል። መሣሪያ የምትሠራው የንጉሡ እኅት ሹሪ ናት፣ በነጭና ንጹሕ ቤተ ሙከራ ውስጥ።

ቀጥቃጩን የንጉሥ ልጅ ማድረግ መልካም ምኞት ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን ቁስሉን አያክምም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ፊልሙ ለእውነተኛው ጥያቄ የቀረበው በተራራው ሰው በምባኩ በኩል ነበር። የእርሱ ወገኖች ጃባሪዎች ቫይብራኒየምን ትተው በእንጨት ይሠራሉ፤ እርሱም የመንግሥቱ ጥበብ ወግ በምትንቅ ልጅ እጅ መውደቁን በጉባኤ ፊት ይነቅፋል። እዚህ ላይ አንድ ማሳይ ወይም አንድ ጎንደሬ አዛውንት ጆሮውን ያቆማል፤ «ከማን እጅ የወጣ ብረት ነው የምይዘው?» የሚለውን የቆየ ጥርጣሬ ያውቀዋልና። ፊልሙ ግን ጥያቄውን ወደ ግብግብ ለውጦ ያልፋል።

ከጊጊሪ ጥቂት ወጣ ሲሉ የሚጀምረው የጊኩዩ ምድር የተሻለ ታሪክ አለው። እዚያም ቀጥቃጭ ይፈራል፤ እርግማኑ ከሌላው ሁሉ የከፋ ነው ይባል ነበር። ቢሆንም ጊኩዩዎች ለልጆቻቸው ከሚነግሯቸው ተረቶች በአንዱ ጀግናው ራሱ ቀጥቃጩ ነው። ባልየው እርጉዝ ሚስቱን ትቶ ሩቅ ወዳለ የብረት ማቅለጫ ይሄዳል። በሌለበት ጭራቅ ይመጣል፣ ሴቲቱን ያዋልዳል፣ ከዚያ ምግብ ሠርቶ «እንኪ» ይልና እጇ ሳይደርስ ራሱ ይበላዋል። እርሷም ጉሎ ፍሬ ጸሐይ ላይ ታሰጣለች፤ ፍሬውን የበላች ርግብ መልእክቱን ተቀብላ ትበርርና ከማቅለጫው አጠገብ ትዘምራለች። ቀጥቃጩ ዝማሬው ሲገባው ሥራውን ጥሎ ይነሣል፣ ደርሶም ጭራቁን በጦር ይገድላል።

ይህ ተረት ከሱስንዮስ ታሪክ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጥ መንታ ይመስላሉ። በሁለቱም አራስ አለች፣ ሕፃን አለ፣ ክፉ መንፈስ አለ፣ ጦር አለ። ልዩነቱ ጦሩን በያዘው እጅ ላይ ነው። በእኛ ፈረሰኛ ይይዘዋል፤ ጦሩ ከየት እንደመጣ አይነገርም። በጊኩዩው ግን የሚወጋውም የሚቀጠቅጠውም አንድ ሰው ነው። ሕዝቡ የሚፈራውን ሰው ከሚፈራው ጭራቅ እንዲያድነው መላክን አላፈረም። በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ይህ ከቫይብራኒየም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ፍርሃቱን አልደበቀም፣ ቦታውን አዛወረው እንጂ።

በናይሮቢ የሚያድጉ አማርኛ አንባቢ ልጆች ይህን ተረት በራሳቸው ቋንቋ ሊያገኙት ይገባል፤ የሚተረጉመው ሰው የሚገጥመውም ፈተና ከወዲሁ ይታያል። ጭራቁ አያስቸግርም፣ አማርኛ ከበቂ በላይ ጭራቅ አለው። ርግቧም ጉሎውም በአገራችን አሉ። የሚያስቸግረው ባልየው ነው። ጊኩዩው «ሙቱሪ» ይለዋል። «ባለ እጅ» ቢባል ጨዋ ነው፣ ግን ሸማኔውንም ሸክላ ሠሪዋንም ያጠቃልላል። «ብረት ሠሪ» የፋብሪካ ሠራተኛ ያስመስለዋል። «ቀጥቃጭ» ሥራውን በትክክል ይናገራል፤ ሆኖም ዛሬም ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቅበት ቃል ነው። «ጠይብ» ከተባለ ደግሞ ልጁ ገጹን ሳይገልጥ፣ ከሁለቱ ሰው የሚበላው የትኛው እንደሆነ አያቱን ይጠይቃል።