ዋካ በክፍል ውስጥ፦ ተምሳሌት ከቅንብር የማይነጠልበት ጥበብ

በመካከለኛ ደረጃ የሥዕል ትምህርት ተምሳሌት አብዛኛውን ጊዜ በሰንጠረዥ ይቀርባል፤ በአንድ ወገን ምስሉ፣ በሌላው ፍቺው። መስመር፣ ቅርጽ፣ ምጥጥንና ድግግሞሽ ደግሞ በሌላ ምዕራፍ ይሰጣሉ። ተማሪው ሁለቱንም ይሸመድዳል፤ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚወልደው ግን አያይም። ይህን ግድግዳ ለማፍረስ ከኮንሶ ዋካ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

ዋካ ለሞተ ጀግና መታሰቢያ ከእንጨት ተጠርቦ የሚቆም ምስል ነው። በወጉ ሲቆም ብቻውን አይሆንም። ጀግናው መካከል ላይ ይቆማል፤ ሚስቶቹ ከጎኑ፣ የገደላቸው ጠላቶች ከእነርሱ ወዲያ ይሰለፋሉ፤ አውሬ የገደለ ከሆነ አውሬውም ይቀረጽለታል። በጀግናው ግንባር ላይ ካላቻ የተባለ ምልክት፣ በአንገቱ ላይ ጌጥ ይታያል። ፊቶቹ በጣም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ «ጀግናው የትኛው ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ መልሱን ከመልክ አያገኝም፤ ቁመትን፣ ቦታንና ጌጥን ማነጻጸር ይኖርበታል። ምጥጥንና አቀማመጥ እዚህ ትርጉሙን ራሱ ተሸክመዋል።

ይህን ለማሳየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። መምህሩ የአንድ ዋካ ስብስብ ፎቶግራፍ ይዞ ከአንዱ ምስል በቀር ሌሎቹን በወረቀት ይሸፍን፤ ምስሉ ማን እንደሆነ ይጠይቅ። ከዚያ የቀሩትን አንድ በአንድ ይግለጥ። ጎረቤት በተጨመረ ቁጥር የመጀመሪያው ምስል ትርጉም ይለወጣል። ልጆቹ ቅንብር ምን እንደሆነ በዓይናቸው ያዩታል።

ከዚሁ ልምምድ ወደ ከባዱ ጉዳይ መሻገር ይቻላል። ብዙ ዋካዎች ከቆሙበት ተነቅለው ተሰርቀዋል፣ ለውጭ ሰብሳቢዎችም ተሸጠዋል፤ ከተያዙት መካከል በኮንሶ ሙዚየም የተቀመጡ አሉ። በአንድ ሰብሳቢ ሳሎን ብቻውን የቆመ ዋካ ያምራል፤ ግን ባል ይሁን ጠላት፣ ማንን ያጅብ እንደነበር አይታወቅም። ሌባው የወሰደው አንድ ቃል ቢሆንም በቦታው የቀረው ዓረፍተ ነገርም አብሮ ፈርሷል። የ13 ዓመት ልጅ ይህን ሲረዳ ቅርስ መጠበቅን ከመፈክር በላይ ይረዳዋል።

መምህራን ሁለት ነገሮችን ይዘላሉ፦ ግድያውንና ካላቻውን። ካላቻ የወንድ ብልት ቅርጽ ያለው የወንድነትና የማዕረግ ምልክት ነው፤ ይህ በግልጽና በጨዋ ቃል ሊነገር ይገባል። ጠላትን መግደል የክብር መለኪያ የነበረበት ዘመን እንደነበረም እንዲሁ። እነዚህ ሲወጡ በተማሪው እጅ የሚቀረው ጌጠኛ እንጨት ብቻ ነው።

ድግግሞሽን ለማስተማር ከዋካ ወደ ትውልድ ምሰሶ መሄድ ይበጃል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከእርከኖቹና በድንጋይ ካብ ከታጠሩት መንደሮች ጋር እነዚህ የትውልድ ምልክቶችም ተጠቅሰዋል። ሥልጣን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ፣ በብዙ ቦታ በየ18 ዓመቱ፣ አዲስ ምሰሶ ከቀደሙት ጎን ይተከላል። ተማሪው ቆጥሮ፣ አባዝቶ የመንደሩን ዕድሜ መገመት ይችላል። እንጨት ስለሚበሰብስ ግምቱ ጎዶሎ ይሆናል፤ ይህም ሊነገረው የሚገባ ነው።

«የራሳችሁን ዋካ ሥሩ» የሚለውን የተለመደ የቤት ሥራ ግን እቃወማለሁ። ዋካ የአንድ የታወቀ ሟች ነው፤ ዘመዶችም አሉት። በኮንሶ ትምህርት ቤት ከሆነ ከመሣላቸው በፊት ልጆቹ ከቤተሰቡና ከሽማግሌዎቹ ፈቃድ ይጠይቁ። በሌላ አካባቢ ግን ዋካውን ትተው መርሑን ይውሰዱ፦ በሠፈራቸው ለሚታወስ ሰው ፊት የሌላቸው አምስት የሸክላ ጭቃ ቅርጾችን ይሥሩ፤ ዝምድናው በቁመት፣ በርቀትና በአቅጣጫ ብቻ ይነገር። ውጤቱም በቅርጾቹ ውበት አይሰጥ፤ ምንም ያልተነገራቸው የክፍል ጓደኞች ከአቀማመጡ ምን ያህል እንዳነበቡ ታይቶ ይሰጥ።