ሙሉ ቦርድ ግዛ የሚል ሕግ

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሰሞኑን ሞገተኝ። መገናኛ ያሉት ጎረቤቶቻችን የስልኩን ቦርድ በቦርድ ለውጠው ደንበኛ ሲሸኙ እኛ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅረን የምንውለው ለምንድን ነው? አሜሪካ ውስጥ የጥገና መብት ሕግ ወጥቶ የለም ወይ? መለዋወጫው እንደሆነ መምጣቱ አይቀርም አለኝ።

አልተስማማሁም። የኒውዮርኩን ሕግ እንየው። አገረ ገዥዋ ካቲ ሆኩል እንደ ፈረንጆቹ በ2022 መጨረሻ ሲፈርሙበት፣ አምራቹ የአገጣጠም ስህተት ሰው ሊጎዳ ይችላል ብሎ ከተከራከረ ነጠላውን ዕቃ ትቶ የተገጣጠመውን ስብስብ እንዲሸጥ ተፈቅዶለታል። የደህንነት መቆለፊያ የሚከፍት የይለፍ ቃል የመስጠት ግዴታም የለበትም። የሚመለከተው ደግሞ ከጁላይ 2023 ወዲህ ተመርቶ የተሸጠውን ብቻ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ይኼ የቀን ነገር ነው። ኦሬጎን በ2024 ዕቃን ከስልኩ ጋር በሶፍትዌር ማቆራኘትን ስትከለክል እንኳ ክልከላው ከ2025 ወዲህ ለሚመረቱት ነው። የካ ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ የሚደርሰው ግን ባብዛኛው በሰው አገር አገልግሎ የመጣ ስልክ ነው፤ ሕጉ የተዋቸው ወደኛ ይመጣሉ። ለምሳሌ አይፎን 13 በ2021 ሲወጣ ስክሪኑ የተቀየረ ስልክ ፊት መለየት ያቆም ነበር። ጩኸት ሲበዛ አፕል በሶፍትዌር አስተካከለው እንጂ፣ እስከዚያ መፍትሔው የምስር ክክ የማታክል ቺፕ ካሮጌው ስክሪን ነቅሎ አዲሱ ላይ መትከል ነበር።

የኛው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገዢው ጉድለት ያለበትን ዕቃ እንዲያስለውጥ ወይም ገንዘቡን እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። ደግ አደረገ። ነገ የጥገና ሕግ ከወጣ ግን የቦርዱ ንድፍና አዲሱን ዕቃ ከስልኩ ጋር የሚያላምደው ሶፍትዌር ይካተት፣ ስልኩ መቼ ተሸጠ ብሎ አይጠይቅ።

ማይክሮስኮፑን ለምን እንደማልተው ደግሞ ይኼ ይናገር። አንድ ዲያቆን ከእንጦጦ ወርዶ የሞተ ስልክ አመጣልኝ። ሌላ ቦታ ቦርዱ ይቀየር ብለውታል። «ጋሼ፣ ያረፉት የኔታ ዜማ ሲያስተምሩ የቀዳሁት እዚህ ውስጥ ነው» አለኝ። የዛሬ ስልክ የያዘው ፋይል ከራሱ ፕሮሰሰር ጋር በተቆራኘ ቁልፍ የተመሰጠረ ስለሆነ ሌላ ቦርድ አያነበውም፤ ያው የሞተው ቦርድ ራሱ መነሳት አለበት። የሮዚን ጭስ አለበስኩት፣ ነጭ ሆነ። ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ስለቅበት ሾርት ያደረገችው ካፓሲተር ጋለችና በላይዋ ያለው ነጭ ቀለጠ። አነሳኋት። ስልኩ በራ፣ የየኔታም ድምፅ ተገኘ። ቦርድ ለዋጮች ፈጣኖች ናቸው፣ አልክድም፤ ይህን ድምፅ ግን መልሰው ሊሰጡት አይችሉም ነበር።

ሙያውን የጀመርኩት በሬዲዮና በቴፕ ነው። ያኔ ብዙ ሬዲዮ የሰርኪዩት ንድፉ ከኋላ ክዳኑ ውስጥ ተለጥፎበት ይመጣ ነበር። ያን ወረቀት የለጠፈው ፋብሪካ ዕቃው አንድ ቀን እንደሚበላሽና የማያውቀው ሰው እንደሚከፍተው አስቦ ነው። ክዳን በከፈትኩ ቁጥር የተከበርኩ ይመስለኝ ነበር፤ በዚህ ሥራ የቆየሁትም በዚያ ስሜት ነው። ዛሬ የስልክ ንድፍ የማየው ለሦስተኛ ወገን እየከፈልኩ ነው፤ ስልኩን የሠራው ኩባንያ አይሰጠኝም።