የምስጢር ዋጋ፦ በሊባ ብሬይ «ታላቅና አስፈሪ ውበት» ውስጥ አስማትና የልጃገረዶች ወዳጅነት

የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሊባ ብሬይ «ታላቅና አስፈሪ ውበት» እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሞ የወጣው ለታዳጊ ወጣቶች የተጻፈ ምናባዊ ልቦለድ ተብሎ ነው። በዚህ ዘርፍ መለኪያ ብቻ ከመዘንነው ጎደሎው ብዙ ነው። የአስማቱ ሕግ በወጉ አልተደነገገም፤ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል፣ የሚቆመውስ የት ላይ እንደሆነ አንባቢው እርግጠኛ አይሆንም። ዋና ጠላት የተባለችው ሰርሲ በመጽሐፉ አብዛኛው ክፍል ስሟ እንጂ ራሷ አትታይም። «ግዛቶቹ» የሚባለው የወዲያኛው ዓለምም፣ ቢያንስ በዚህ የመጀመሪያ ቅጽ፣ ካርታ ቢሠሩለት ከአንድ ያማረ የአትክልት ስፍራ ብዙም አያልፍም። መጽሐፉን ስለ አራት ልጃገረዶች ወዳጅነት የተጻፈ አድርጎ ላነበበው ግን ይህ ሁሉ ብዥታ ሌላ መልክ ይይዛል። በዚህ ልቦለድ አስማት በጓደኛሞች መካከል የሚዘዋወር መገበያያ ነው። ማን እንደያዘው፣ ለማን እንዳካፈለው፣ በምን ዋጋ እንደሰጠው መከታተል የወዳጅነቱን የውስጥ ሒሳብ መከታተል ነው። የዚህ ዳሰሳ ክርክርም ይኸው ነው፤ ብሬይ ወዳጅነትን ከክፉ ዓለም መሸሸጊያ አድርጋ አልሳለችውም፤ ሥልጣን የሚከፋፈልበት፣ ዕዳ የሚመዘገብበት መድረክ አድርጋዋለች። መጽሐፉ የሚበረታው በዚህ ነው፤ የሚደክመውም የዕዳውን አንዱን ክፍል ሳያነብ በማለፉ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1895 ቦምቤይ ውስጥ፣ ተራኪዋ ጌማ ዶይል 16 ዓመት በሞላት ቀን ነው። ጌማ ከእናቷ ጋር በገበያ መሀል ትጣላለች፣ ትሮጣለች፣ ከዚያም በቦታው ሳትኖር የእናቷን አሟሟት በራእይ ታያለች፤ እናት ከጨለማ የመጣ ፍጡር ነፍሷን ከሚወስድባት በገዛ እጇ መሞትን መርጣለች። ቤተሰቡ «በኮሌራ ሞተች» ብሎ ያስወራል። አባት ሐዘኑን በላውዳነም፣ ማለትም በኦፒየም መድኃኒት፣ ያደነዝዛል። ልጅቱ ወደ እንግሊዝ ተልካ ስፔንስ በተባለ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ በሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ነገር ይዛለች፦ ራእይ የማየት ችሎታና ከቤት የተሰጣትን ውሸት። ወዳጅነት የምትገዛው በእነዚህ ነው።

አዳሪ ትምህርት ቤት ለእንግሊዝኛ የልጆች ሥነ ጽሑፍ አሮጌ መቼት ነው። ከሕንድ መጥታ ለንደን አዳሪ ቤት የምትገባ ልጅ ታሪክም የፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔትን የ1905 «ትንሿ ልዕልት» የሚያውቅ አንባቢ ቀድሞ የተዋወቀው ነው። በርኔት የልቦለዷን ባለታሪክ ሳራን የምትፈትናት በድህነት ነው፤ ሳራ ደግነቷ ሳይሸረፍ ፈተናውን ታልፋለች። ብሬይ ለጌማ እንዲህ ያለ ንጹሕ ልብ አልሰጠቻትም። ከዚያ ወዲህ በ1997 የመጣው ሃሪ ፖተር ደግሞ አስማትን በመምህርና በፈተና፣ በመማሪያ መጽሐፍ የሚሰጥ ትምህርት አደረገው። ስፔንስ የሚያስተምረው ፈረንሳይኛ፣ ሥዕል፣ ዋልዝና እጅ መንሳት ነው። የትምህርቱ ግብ ለጋብቻ የተሰናዳች ሴት ማውጣት ነውና አስማት ወደዚያ ግቢ ሊገባ የሚችለው በስርቆሽ፣ በሌሊት፣ በጫካው ዋሻ በኩል ብቻ ነው። ሥልጣን በቀን የማይሰጣቸው ልጆች በሌሊት ይሰርቁታል። የተሰረቀ ነገር ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ይፈልጋል።

ልቦለዱ ከዘርፉ ባልንጀሮቹ የሚለየውም ወዳጅነቱ በሚወለድበት መንገድ ነው። የአድሚራል ልጅ ፌሊሲቲ ወርዚንግተን የግቢው ንግሥት ናት፤ ውቢቱ ፒፓ ክሮስ ከጎኗ አትለይም። የጌማ የክፍል ተጋሪ አን ብራድሾ ደሃ ናት፤ ትምህርቷን የሚከፍሉላት ዘመዶቿ ነገ የልጆቻቸው ሞግዚት አስተማሪ እንድትሆናቸው ነው። በመጀመሪያ ፌሊሲቲና ፒፓ አዲሷን ልጅ «ለመፈተን» ብለው በሌሊት ወደ ጸሎት ቤቱ ልከው ይቆልፉባታል። ከዚያ ጌማ ፌሊሲቲን በጫካ ከአንድ የሮማ (ጂፕሲ) ወጣት ጋር በድብቅ ስትገናኝ ታያታለች። ነገሩ ቢወጣ የፌሊሲቲ ስም ያበቃለታል። ጌማ ምስጢሩን ትጠብቃለች፤ በለውጡ የቡድኑ በር ለእርሷ ይከፈታል፣ አንም አብራት እንድትገባ ታስገድዳለች።

ይህን ውል በጥሞና ማየት ያስፈልጋል። በተለመደው የወጣቶች ልቦለድ ጠላት የነበሩ ልጆች ወዳጅ የሚሆኑት አንዷ ሌላዋን ከአደጋ ስታድን ወይም ይቅር ስትል ነው። እዚህ የወዳጅነቱ መሠረት፣ በግልጽ ቋንቋ ካወራን፣ ማስፈራሪያ ነው። ጌማ ለአን ያደረገችው ደግነትም እንኳ የተከፈለው በፌሊሲቲ ኀፍረት ነው። ሆኖም ብሬይ በዚህ አታፍርም፤ ልጆቹም ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የምር ይዋደዳሉ። አንዱ ሌላውን አያስተባብልም። በዋሻው ውስጥ ውስኪ ይቀማመሳሉ፣ የተገኘ የማስታወሻ ደብተር ጮክ ብለው ያነባሉ፣ አንዷ የሌላዋን ቁስል ታያለች። አን በስውር የገዛ ክንዷን እንደምትቆርጥ፣ ፒፓ የሚጥል በሽታ እንዳለባትና ቤተሰቧ ከእጮኛዋ እንደሚደብቀው ይታወቃል። እያንዳንዷ ምስጢሯን ስታወጣ ለሌሎቹ መያዣ እየሰጠች ነው። ምስጢረኛ መሆን ማለት ይህ ነው፤ የምትወድሽ ልጅ ልታጠፋሽም ትችላለች። በልጃገረዶች ወዳጅነት ውስጥ ያለውን ይህን አደጋ በዚህ ግልጽነት የያዘ የወጣቶች ልቦለድ ብዙ አላነበብኩም።

ጌማ ጓደኞቿን ወደ ግዛቶቹ ስታስገባ እያንዳንዷ የምትሻውን ታገኛለች፦ ፌሊሲቲ ኃይል፣ ፒፓ ፍቅር፣ አን ውበት፣ ጌማ ራሷን ማወቅ። ድልድሉ የተረት ቅርጽ ይዟል፣ ትንሽም ያለ ልክ የተስተካከለ ነው። ነገር ግን አራቱን ምኞቶች ከአራቱ የቀን ሕይወት ጎን ላስቀመጠ አንባቢ ሌላ ነገር ይገለጥለታል። ፒፓን ለሚስተር ባምብል ሊድሯት ነው፤ ዕድሜው የገፋ ጠበቃ ነው፣ ወላጆቿ ገንዘቡን ይፈልጉታል። ስለዚህ በግዛቶቹ የምታገኘው ባላባት ፈረሰኛ፣ ተላላ ቢመስልም፣ በቀን የተነጠቀችውን መምረጥ የሚመልስላት ነው። አን ውበትን የምትሻው ደሃና መልከ ጥፉ ሴት በዚያ ዘመን ሁለት ጊዜ የማትታይ ስለሆነች ነው። የሚያስገርመው ግን፣ አንዳቸውም ለሌላዋ አይመኙም። ፌሊሲቲ ኃይሉን ስታገኝ አን ከሞግዚትነት የምትወጣበትን መንገድ አታስብም፤ አን ስትዋብ ፒፓ ቅር ይላታል። አስማቱ በአራት የተከፈለ ነው እንጂ የጋራ አይደለም። ይህን የደራሲዋ ድክመት ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ የመጽሐፉ ትልቁ እውነት አድርጌ እወስደዋለሁ፤ ምንም ያልነበራቸው ልጆች የመጀመሪያውን ቁራሽ ሲያገኙ ለጎረቤት ከማሰባቸው በፊት ይበላሉ።

የዘመኑን ታሪክ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ1895 የእንግሊዝ ሴት ግድግዳዋ ሁሉ ድፍን አልነበረም። ያገባች ሴት ንብረቷን በስሟ እንድትይዝ የሚፈቅደው ሕግ በ1882 ወጥቷል፤ ጊርተን የሴቶች ኮሌጅ በ1869 ተከፍቷል፣ ምንም እንኳ ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 ቢሆንም። ይህ ቅጽ ለእነዚህ ጠባብ በሮች እምብዛም ቦታ አይሰጥም። በሮቹ ቢታዩ ኖሮ ግዛቶቹ ብቸኛ መውጫ መምሰላቸው ይቀር ነበርና ድራማው ይላላል፤ ለሥነ ጽሑፍ ሲባል የታሪክ መስኮት ተዘግቷል ማለት ነው።

በዋሻው የሚነበበው ደብተር የ1871 ነው። ሜሪ ዳውድና ሳራ ሪስ-ቱም የተባሉ ሁለት የስፔንስ ተማሪዎች፣ ከጌማና ከፌሊሲቲ በፊት እጅግ የሚዋደዱ ጓደኛሞች፣ አስማቱን የሚጠብቀው ኅቡዕ የሴቶች ማኅበር አባላት ነበሩ። የሳራ ኃይል ሲነጥፍ ኃይሉን መልሶ ለመግዛት መሥዋዕት ይፈልጋሉ፤ የሚመርጡትም ካሮላይና የተባለች ሕፃን የሮማ ልጅ ነው። ሕፃኗ ትሞታለች፤ የትምህርት ቤቱ የምሥራቅ ክንፍ ይቃጠላል። ቆይቶ ሜሪ ዳውድ የጌማ እናት ራሷ እንደነበረች ይታወቃል፤ ሳራ ደግሞ ሰርሲ ናት። የተቃጠለው ክንፍ የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» ያስታውሳል፤ በዚያም ልቦለድ የእንግሊዛዊቷ ልጅ ነጻነት የሚከፈተው ከጃማይካ የመጣችው ሴት በእሳት ስትጠፋ ነው።

ይህ ንድፍ ለክርክሬ ወሳኝ ነው፤ የሁለት ልጆች ጥብቅ ወዳጅነት ሦስተኛ አካልን በልቶ እንደኖረ ያሳያልና። የወዳጅነት ክበብ ሲዘጋ ውጭ የቀረ አለ። ብሬይ ይህን አውቃዋለች፤ ካሮላይናን መፍጠሯ ይመሰክራል። ታዲያ ሕፃኗን ምን አደረገቻት? ካሮላይና በልቦለዱ ውስጥ የጌማ እናት ኃጢአት ናት፣ የሰርሲ ወንጀል ናት፣ የእናት ነፍስ ዕረፍት ያጣችበት ምክንያት ናት። ራሷ ግን ምንም አይደለችም። በመጨረሻ ጌማ እናቷን ይቅር ትላለች፤ ነፍሷም ታርፋለች። ይቅር ለማለት መብቱን ማን ሰጣት? የሞተችው የሮማ ልጅ ናት፤ ልጇን ያጣችው እናት ኤሌና አእምሮዋ ተናግቶ በሮማዎቹ ካምፕ ትንከራተታለች። መጽሐፉ ግን የዕርቁን ስሜት በእንግሊዛውያን እናትና ልጅ መካከል ጨርሶ ይሄዳል። የሰፈሩት ሮማዎች በጥቅሉ ለሴራው የሚያገለግሉት እንደ ጫካና እንደ ፍርሃት፣ እንደ ክልክል ፍትወትም ነው።

ሕንድም ከዚህ የተሻለ ዕድል አላገኘችም። ካርቲክ ከቦምቤይ ድረስ ጌማን ተከትሎ የመጣ፣ ራክሻና የተባለው የወንዶች ማኅበር መልእክተኛ ነው። ሥራው ማስጠንቀቅና መከልከል፣ አልፎ አልፎም በተራኪዋ ሕልም ውስጥ መልከ መልካም ሆኖ መታየት ነው። ጌማ የሕንድን ሙቀትና ጩኸት የምታማርር የቅኝ ገዥ ልጅ መሆኗን ደራሲዋ በምፀት እንደምትነካው አልክድም። ምፀቱ ግን ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በኋላ ይረሳል።

ወደ ወዳጅነቱ ስመለስ፣ ትልቁ ፈተና የሚመጣው በፒፓ ነው። ፒፓ በግዛቶቹ ውስጥ ስትቀር ጌማ ልትመልሳት ትሞክራለች። ፒፓ ግን ከዚያ ዓለም ፍሬ በልታለች፤ እንደ ግሪኮች ፐርሰፎኔ፣ የበላ ከዚያ ዓለም ጋር ይታሰራል። በልጆቹ ዓለም ሬሳዋ ይገኛል። ብዙ አንባቢ ይህን እንደ ቅጣት ይወስደዋል። ጽሑፉን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ፒፓ እያወቀች የመረጠችው ነው፦ ከሚስተር ባምብል ጋር ከመኖር እዚያ መቅረትን። ጌማ ማድረግ የምትችለው ምርጫውን መቀበል ነው፤ ከእናቷ ጋር ያልቻለችውን በጓደኛዋ ትለማመደዋለች። ፌሊሲቲ ግን አትቀበልም። የፌሊሲቲ ሐዘን ከጓደኛ ሐዘን እንደሚያልፍ ጥንቁቅ አንባቢ እዚሁ ይጠረጥራል፤ በ2007 የወጣው ሦስተኛ ቅጽ ሁለቱ ይፋቀሩ እንደነበር በግልጽ ይናገራል። በዚህ ብርሃን ተመልሶ ሲነበብ፣ የመጀመሪያው ቅጽ የፌሊሲቲ ቁጣ፣ አን ወደ ቡድኑ ስትገባ ያሳየችው ቅናት፣ የባምብል ስም ሲነሳ የምትሰነዝረው ሹፈት ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ይህ ብሬይ ካደረገቻቸው ነገሮች ሁሉ የረቀቀው ይመስለኛል።

ተከታዮቹ ቅጾች የአስማቱን ሒሳብ ለመዝጋት ይሞክራሉ። ከ800 ገጽ በላይ በሚዘልቀው በሦስተኛው ጌማ ለብቻዋ የያዘችውን ኃይል ለግዛቶቹ ምድር ትመልሳለች፤ ካርቲክ ይሠዋል፣ አን ወደ መድረክ፣ ጌማ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወደ ኒው ዮርክ ይሄዳሉ። መፍትሔው ፍትሐዊ ነው፤ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው፣ በንግግርም የበዛ። ለሌሎች ነጻነት በሕይወቱ የሚከፍለው ዳግም ከክበቡ ውጭ ያለ ሰው፣ ሕንዳዊው ካርቲክ፣ መሆኑም ከካሮላይና ወዲህ ደራሲዋ ብዙ እንዳልተማረች ያሳያል። ከሦስቱ ለብቻው የሚቆመው የመጀመሪያው ቅጽ ነው። ለወጣት አንባቢዎቻችን ምናባዊ ልቦለድ የሚመርጡ ተርጓሚዎችና አሳታሚዎች ቢያስቡበት እላለሁ፤ መጽሐፉ ካሮላይናን ለምን እንዳላናገራት የሚጠይቅ መግቢያ ግን አብሮት ይታተም።