ቲሹ አዘጋጁ መኪናና የድሬ ዳዋ ሙቀት፦ «አውቶማቲክ» በሚለው ስም ላይ የቀረበ ሂስ

ከበሽተኛ ሰውነት የተቆረጠ ቁራጭ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ከመታየቱ በፊት ብዙ መንገድ ይጓዛል። በመጀመሪያ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ይነከራል፤ ቀጥሎ በውስጡ ያለው ውኃ ደረጃ በደረጃ እየጠነከረ በሚሄድ አልኮል ይወጣል፤ ከዚያም አልኮሉ በዛይሊን ይተካል፤ በመጨረሻም ዛይሊኑ ወጥቶ የቀለጠ የፓራፊን ሰም ይገባበታል። ሰሙ ሲረጋ ሥጋውና ሰሙ አንድ ጠጣር አካል ስለሚሆኑ፥ ማይክሮቶም በተባለው መቁረጫ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ባለው ስስ ውፍረት ይቆረጣል፤ ቀለም ይነከራል፤ ከዚያ በኋላ ይነበባል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከፎርማሊን እስከ ሰም ያለውን ጉዞ ያለ ሰው እጅ የሚፈጽመውን መኪና ነው። ሂሳችንም በተለይ የሚያርፈው «አውቶማቲክ» በሚለው ስሙ ላይ ነው። ይህ ስም ለድሬ ዳዋ ላቦራቶሪ ምን ያህል እውነት ነው? ምንስ ይደብቃል?

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ባጭሩ እናስታውስ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሥጋን በፓራፊን ማቀፍ በኤድዊን ክሌብስ እጅ የተጀመረው በ1869 ነው። ፎርማሊን ሥጋን እንደሚያጸና ፈርዲናንድ ብሉም የገለጠው በ1893 ነው። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት ሥራው ሁሉ የእጅ ሥራ ነበረ፤ የላቦራቶሪው ሰው ሰዓቱን እየጠበቀ ናሙናውን ከአንዱ ማሰሮ አውጥቶ ወደ ሌላው ይከት ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ገደማ በኒውዮርክ ቴክኒኮን የተባለው ኩባንያ ኦቶቴክኒኮን የተሰኘውን መኪና ሲያወጣ፥ ይህን የማመላለስ ሥራ ሰዓት የተገጠመለት የብረት ክንድ ተረከበው። ዛሬ የሚሸጡት መኪናዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን የናሙናውን ቅርጫት እያነሣ ክብ በተደረደሩ፥ ብዙ ጊዜ 12 በሚሆኑ ማሰሮዎች ውስጥ የሚያዞረው ነው። ሁለተኛው ወገን ናሙናውን በአንድ ዝግ ጓዳ አስቀምጦ ኬሚካሎቹን በየተራ ወደ ጓዳው የሚያስገባና የሚያስወጣ ነው።

ከመንቀፋችን በፊት ማመስገን የሚገባንን እናመስግን። መኪናው ማታ ተጭኖ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራውን ሲፈጽም፥ ጧት ሰምና ሥጋ ተዋሕደው ይገኛሉ፤ ስለዚህ ሌሊት የሚያድር ሰው አያስፈልግም። ደግሞም የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2004 ፎርማልዴሃይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች መካከል መድቦታል። በየሰዓቱ ክዳን ከፍቶ ፎርማሊንና ዛይሊን ከሚያሸት ሠራተኛ ይልቅ፥ አንድ ጊዜ ጭኖ የሚሄድ ሠራተኛ ጤናው ይጠበቃል። ይህ ምስጋና ለመኪናው ከሚሰጡት ምስጋናዎች ሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። እንዲያውም ሻጮች የሚያጎሉት ፍጥነቱን እንጂ ይህን አለመሆኑ ያስገርማል።

አሁን ወደ ነቀፌታችን እንግባ። የመጀመሪያው ነቀፌታ መኪናው የሚጀምረው ከመካከል ነው የሚል ነው። ናሙናው የሚድነውም የሚጠፋውም በአብዛኛው መኪናው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው። ፒተር ሜዳዋር በ1941 እንዳሳየው፥ አጽኚ ኬሚካል ወደ ሥጋ የሚዘልቀው ርቀት ከጊዜው ስኩዌር ሥር ጋር ይመጣጠናል። ይኸውም የሥጋው ውፍረት ሁለት እጥፍ ቢሆን የሚፈለገው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ አንድ የጡት እብጠት ሳይሰነጠቅ እንዳለ በጠርሙስ ቢጣል፥ ዳሩ ሲጸና መካከሉ ይበሰብሳል። ሙቀት መበስበስን ስለሚያፋጥን፥ ይህ ጉዳት በድሬ ዳዋ ከደጋ አገር ይልቅ ይከፋል። መኪናው በፎርማሊን ማሰሮዎች ስለሚጀምር «የቀረውን እርሱ ያጸናዋል» የሚል ልማድ አለ። ነገር ግን በእነዚያ ማሰሮዎች ውስጥ የሚያልፉት ጥቂት ሰዓቶች ከቀዶ ጥገናው ክፍል የተጀመረውን ጥፋት አይመልሱም።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ እንዳይመስለን፥ በሴቶቻችን ላይ አብዝቶ የሚታየውን የጡት ካንሰር እንመልከት። ለበሽተኛዋ የሆርሞን መድኃኒት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው የሚወሰነው ኤስትሮጅን ተቀባይ በተባለው ፕሮቲን ምርመራ ነው። በ2010 የወጣው የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞችና የፓቶሎጂስቶች ማኅበራት መመሪያ ናሙናው ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን እንዲገባ፥ በፎርማሊንም ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ እንዲቆይ ያዛል። በሚገባ ያልጸና ሥጋ ፕሮቲኑ እያለ የለም ብሎ ሊመሰክር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሴትየዋ ሊረዳት የሚችለውን መድኃኒት ሳታገኝ ትቀራለች። ናሙናው ከድሬ ዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ፥ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው መንገድ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ከዚሁ 72 ሰዓት ላይ የሚቀነስ ነው። እጅግ ዘመናዊው መኪና እንኳ ይህን ሰዓት አይቆጥርም። የሚቆጥረው በጠርሙሱ ላይ የተቆረጠበትን ሰዓት የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታ «የክፍል ሙቀት» የሚለውን ቃል ይመለከታል። የመኪናው መመሪያ አልኮሉና ዛይሊኑ በክፍል ሙቀት ይሁኑ ሲል፥ በጸሐፊው አእምሮ ያለው ክፍል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የሆነ ክፍል ነው። ድሬ ዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ዛይሊን በእሳት ሊያያዝ የሚችል እንፋሎት ማውጣት የሚጀምረው እንደ ዓይነቱ ከ25 እስከ 32 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በደጋ ከተማ ላቦራቶሪ ከዚህ ወሰን በታች የሚያድረው ዛይሊን እኛ ዘንድ በበጋም በጸደይም ወሰኑን አልፎ ይውላል። ክፍት ማሰሮዎች ያሉት መኪና በተዘጋና አየር በማይወጣበት ክፍል ቢቀመጥ አደጋው ግልጽ ነው። ሙቀቱ በሥራውም ላይ ይገባል፤ አልኮሉ ስለሚተን ማሰሮው ይጎድላል፤ በ56 ዲግሪ የሚቀልጠው ሰም በሞቃት ክፍል ውስጥ ስለሚለሰልስ በማይክሮቶም ሲቆረጥ ይጨማደዳል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ወደ 60 ዲግሪ የሚቀልጥ ጠንካራ ሰም መምረጥና የሰሙን ጡብ ከመቁረጥ በፊት በበረዶ ማቀዝቀዝ ነው። ሆኖም ይህን የሚወስነው ሰው ነው፤ በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ የተፈተነ ፕሮግራም እንዳለ ተገልብጦ ሲመጣ ግን ማንም አልወሰነም ማለት ነው።

ሦስተኛው ነቀፌታ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ቅርጫት የሚያዞረው መኪና ኃይል ሲቋረጥበት ቅርጫቱን በአየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቢቆም ናሙናው ይደርቃል። ውኃው በሚገባ ያልወጣለት ሥጋ ወደ ኋላ በዛይሊንና በአልኮል ተመልሶ እንደገና ሊዘጋጅ ይችላል፤ የደረቀ ሥጋ ግን ፈጽሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። አንዳንዱ ቅርጫቱን ወደ ማሰሮው የሚያወርድ ባትሪ አለው፤ ይህ ባትሪ መኖሩንና መሥራቱን ሳይጠይቁ መግዛት ትልቅ ስሕተት ነው። ዝግ ጓዳ ያለው መኪና ከመድረቅ ይሻላል፤ እንፋሎቱንም በክፍሉ አይበትንም። ግን እርሱም የራሱ ሕመም አለው፤ ሰሙ በቧንቧው ውስጥ ከረጋ ወይም ቫልቩ ከተደፈነ ሊፈታው የሚችል ሠልጥኖ የመጣ መሐንዲስ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የውኃውም ነገር ይገባል። የድሬ ዳዋ ውኃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያ ያጠበ ሁሉ ያውቃል። ፎርማሊንን ለማመጣጠን የሚጨመረው የፎስፌት ጨው ከእንዲህ ዓይነቱ ውኃ ጋር ሲገናኝ ይዘቅጣል፤ ከፎርማሊን በቀጥታ ወደ ጠንካራ አልኮል ሲታለፍም እንዲሁ ይዘቅጥና ቧንቧና ቫልቭ ይደፍናል። ስለዚህ ለማቅጠኛ የተጣራ ውኃ ማዘጋጀት ግዴታ ነው። በአንጻሩ ይኸው የቧንቧ ውኃ ሄማቶክሲሊን የተባለውን ቀለም ወደ ሰማያዊ ለመለወጥ ይረዳል። አንዱ ውኃ በአንዱ ክፍል ጠላት በሌላው ወዳጅ ነው፤ ይህንንም መኪናው አይለይም።

ከነዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበን የስሕተቱ መጠን ነው። በእጅ ስንሠራ ስሕተታችን በእጃችን ልክ ነው፤ ጥቂት ናሙና ይበላሻል፤ ሠራተኛውም ወዲያው ያየዋል። መኪናው ግን የቀኑን ናሙና ሁሉ በአንድ ቅርጫት ይዞ፥ ማንም በሌለበት ሌሊት፥ በአንድ የተሳሳተ ማሰሮ ሁሉንም ያበላሻል። እያንዳንዷ ትንሽ ሣጥን የአንድ ሰው ናት፤ ከሰውየው ሁለተኛ መቁረጥም ሁልጊዜ አይቻልም።

ድሬ ዳዋ ስለ መኪና ከማንም የምትማር ከተማ አልነበረችም። በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋን ወለደ፤ በ1917 ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። ያ ባቡር እስከ ዘመናችን ሊሮጥ የቻለው ከጎኑ የጥገና ወርክሾፕ ስለ ነበረው ነው፤ የተሰበረው የሚበየድበት፥ የጎደለው ብሎን የሚቀረጽበት፥ ልጅ ከአባቱ ሙያ የሚወርስበት ቦታ ነበረ። ከከዚራ ጥላ ሥር ያደገ ሁሉ ሎኮሞቲቭ ያለ ወርክሾፕ የቆመ ብረት መሆኑን ያውቃል። እኛ ግን ለላቦራቶሪ መኪና ስንገዛ ሎኮሞቲቩን ብቻ እናስመጣለን። መለዋወጫው፥ የጥገናው ውልና የሠራተኛው ሥልጠና ከዋጋው ጋር አብሮ ሳይጻፍ የሚመጣ መኪና፥ የመጀመሪያው ቫልቭ እስኪደፈን ድረስ ብቻ አውቶማቲክ ነው።

በመጨረሻ ሂሱን ወደ ራሳችን ወደ ተማሪዎች እንመልስ። በምርምር ጽሑፎቻችን የሥራ ዘዴ ክፍል «ናሙናዎቹ በአውቶማቲክ ቲሹ አዘጋጅ መሣሪያ ተዘጋጅተዋል» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ሆኖ ይቈጠራል። ይህ ዐረፍተ ነገር ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። ሥጋው ስንት ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው? በፎርማሊን ስንት ሰዓት ቆየ? ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነበረ? አልኮሉ ከስንት ናሙና በኋላ ተለወጠ? ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ? እነዚህ ካልተጻፉ፥ በማይክሮስኮፕ ያየነው የበሽታው ምልክት ይሁን የአዘገጃጀቱ ጉድለት ማንም ሊፈርድ አይችልም። ለጥናት የሚሆነው ይህ ከሆነ፥ ለሕክምና የሚሆነው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

እንግዲህ ፍርዳችን የሚከተለው ነው። ቲሹ አዘጋጁ መኪና ለድሬ ዳዋ ይጠቅማል፤ በተለይ የሠራተኛውን ሳንባ ስለሚጠብቅ እንሻዋለን። ከሁለቱ ወገኖች ዝግ ጓዳ ያለውን የምንመርጠው በአቅራቢያ ሊጠግን የሚችል ሰው በውል ሲገኝ ብቻ ነው፤ ካልተገኘ ክፍቱ ቀላል መኪና፥ አየር በሚያስወጣ ክፍልና ከአስተማማኝ ባትሪ ጋር፥ የተሻለ ነው። በሁለቱም መንገድ ሥጋን በ3 ወይም በ4 ሚሊ ሜትር ሰንጥቆ ሰዓቱን በጠርሙሱ ላይ መጻፍ ከመኪናው በፊት ይቀድማል። የእጅ አዘገጃጀት ትምህርትም ከሥርዐተ ትምህርታችን መውጣት የለበትም፤ ምክንያቱም መኪናው በቆመ ጧት በቅርጫቱ ውስጥ ያሉትን የሰዎች ናሙናዎች የሚያድን ያ እጅ ብቻ ነውና።