የፖቴዝ 25 ሞዴል፤ በአንድ ተማሪ የእጅ ሥራ ላይ የቀረበ ሂስ

የጦር አውሮፕላኖችን አሳንሶ መሥራትና ቀለም መቀባት በብዙ አገሮች የወጣቶችም የአዋቂዎችም የዕረፍት ጊዜ ሥራ ነው። በእኛ በመምህራን ዘንድ ግን እንደ ልጆች መጫወቻ ስለሚቆጠር፣ በድርሰትና በሥዕል ላይ የምናቀርበውን ዐይነት ሂስ አቅርበንበት አናውቅም። በጅቡቲ ከተማ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሠርቶ ያሳየን የፖቴዝ 25 ሞዴል ግን ሂስ የሚገባው ሥራ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ እንናገር። ሞዴሉ የተሠራው በ1 ለ72 መጠን ነው። የእውነተኛው አውሮፕላን የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሜትር ከ14 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ ለ72 ሲካፈል 20 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። የታችኛው ክንፍ ከላይኛው ያጠረ ነው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኙት ምሰሶዎች ጥቂት እንኳ ቢያዘነብሉ አውሮፕላኑ የተጣመመ ይመስላል። ተማሪው ምሰሶዎቹን ቀጥ አድርጎ አቁሟል፤ ክፍሎቹ የተጋጠሙበትንም መስመር በስቱኮ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሏል። እዚህ ላይ የምንነቅፈው ነገር የለም።

የቀለሙ ጉዳይ ግን ይለያል። በጅቡቲ ሙቀት ቀለም ከብሩሹ ሳይወርድ መድረቅ ይጀምራል፤ ነፋሱ የሚያመጣው አቧራም እርጥብ ቀለም ላይ ይጣበቃል። ማለዳ፣ በዝግ ክፍል፣ በአኳራጅ በቀጠነ ቀለም ደጋግሞ መቀባት ይሻል ነበር። ተማሪው አንድ ጊዜ አወፍሮ ቀብቶታል። የአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ውፍረት ያለው ቀለም በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ7 ሚሊሜትር የሚበልጥ ልባጥ ማለት ነው። ሒሳቡን ለክንፉ ያሰበ ለቀለሙም ሊያስብ ይገባ ነበር።

ይሁን እንጂ ከዚህ የሚብሰው ጉድለት ያለው በመቆሚያው ላይ ነው። እዚያ የተጻፈው «ተዋጊ አውሮፕላን፣ 1940» የሚል ብቻ ነው። ፖቴዝ 25 ሁለት ሰዎች የሚሳፈሩበት ቃኚና ቀላል ቦምብ ጣይ እንጂ ተዋጊ አልነበረም። ዓመተ ምሕረቱም ለብቻው ምን ይነግረናል? በዚያ ጊዜ ጅቡቲ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ስለ ነበረች በክንፉ ላይ የተለጠፈው የፈረንሳይ ምልክት ትክክል ነው። ነገር ግን ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1940 በጀርመን ከተሸነፈች በኋላ የጅቡቲ አስተዳደር ከቪሺ መንግሥት ጎን በመቆሙ፣ እንግሊዞች ከተማይቱን በባሕርም በየብስም ዘግተው እስከ 1942 መጨረሻ ድረስ ሕዝቡ ብዙ ተርቧል። ሞዴሉን የሚያየው የከተማው ልጅ ስለ አያቶቹ ረኀብ አንዲት ቃል አያገኝም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ 25 ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አረፈ። በባቡር ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ በሰዓቶች ተቋጨ፤ የኢትዮጵያ አየር ኀይልም ታሪኩን ከዚያ ይጀምራል። ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ከራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ በመጀመሪያ የአዋጅ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ከአውሮፕላን ወረደ። ስለዚህ ተማሪው የኢትዮጵያን ፖቴዝ ቢሠራ ኖሮ የሚኮራበትን ብቻ ሳይሆን፣ ወንድም በወንድም ላይ የዘመተበትን ቀን ጭምር መጻፍ ነበረበት። ለኩራት የሚመቸውን መርጦ መጻፍ ጭራሽ ካለመጻፍ አይሻልም።

እዚህ ላይ ተማሪዎች እንዲጠነቀቁ የምንፈልገው ነገር አለ። ምልክቱን መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ለቅኝ ግዛቶች የተሠራው ዝርያ ተጨማሪ የነዳጅ ጋን ስለ ነበረው ኢትዮጵያ ከገዛችው ይለያል። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍም የቀለም ምስክር አይሆንም። በጥንቱ ፊልም ቀይ ጥቁር መስሎ፣ ቢጫም ጠቁሮ ስለሚወጣ፣ ባንዲራችንን ከእንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ላይ ለመለየት የሚሞክር ሰው በቀላሉ ይታለላል።

በጠቅላላው ተማሪው እጀ ብልህ ነው፤ ሥራውም በማንኛውም ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ አያሳፍርም። መምህራን ግን እንዲህ ያለውን ሥራ ሲያርሙ ማርኩን ለልኩና ለቀለሙ ብቻ ባይሰጡ እንመክራለን። የሒሳብ መምህሩ ልኩን፣ የሥዕል መምህሩ ቀለሙን፣ የታሪክ መምህሩ ደግሞ መቆሚያው ላይ የተጻፈውን ይመልከት። ማን አበረረው? ከየት ተነሥቶ ወዴት ሄደ? በማን ላይ ምን ጣለ? እነዚህን ጥያቄዎች በሦስት መስመር የሚመልስ ጽሑፍ ተማሪውን ከአንድ ማታ በላይ አያደክመውም፤ ክንፉን ለማቆም የፈጀበት ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።